ካቴና ጠብቆብኝ ነው

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ግን ዛሬም «የት ደረስክ?» ብላ ካልደወለች ቀኑ የነጋ አይመስላትም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ባለው ቤታችን ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። ካስነጠስኩ «ምን ሆንክ?» ነው፤ ዝም ካልኩ «ምን ደበቅከኝ?» ነው። እወዳታለሁ፣ ግን አፈነችኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ይሄው ነው።

ደግሞ ደብቄያትም ነበር። ካራ ሰፈር አንዲት ክፍል ከተከራየሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ማታ ማታ «ነገ ነግሬያት እወጣለሁ» ብዬ እተኛለሁ፤ ጠዋት ፊቷን ሳይ ምላሴ ይታሰራል። አንድ ቅዳሜ ግን ቆረጥኩ። ጠዋት ካራ ሄጄ ክፍሉን አጸዳለሁ፣ ለምሳ ተመልሼ እነግራታለሁ፣ አበቃ!

በዚያው ወኔ ከመውጣቴ በፊት የሞተሬን ካቴና ራሴ አጠበቅኩት። በሰፈራችን ቁልቁለት ላይ ላልቶ ሲንኳኳ ሰንብቶ ነበርና «አሁንስ እስቲ ላላ!» እያልኩ እንደ ክራር ጅማት ወጠርኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ። ጉርድ ሾላ ስደርስ ካቴናው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ የኋላ ጎማው በግድ ነው የሚዞረው። መንገድ ዳር ሞተር የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጋ ገፍቼ ወሰድኩት።

በጣታቸው ነካ አደረጉትና «ማነው እንዲህ ያነቀው?» አሉኝ።

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሳትቀመጥበት ነዋ የለካኸው!»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ጎበዝ! ስትቀመጥበት እኮ ይብሱኑ ይጠብቃል። ሁለት ጣት ያህል መላወሻ ተውለት እንጂ፣ ምን በደለህ? እንዲህ ከያዝከው ይበጠሳል።» ይህን ብለው የኋላ ጎማውን ብሎን ሊፈቱ ታገሉ። ብሎኑ ደግሞ በእኔ ጉልበት ጠብቆ ኖሮ አልፈታም አለ።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ማን ሊሆን ነው እንግዲህ! «የት ነህ?» አለች። እጄ ግራሶ በግራሶ ነው፣ የታክሲ ጡሩምባ ያደነቁራል፣ ትዕግስቴም አልቋል። «እማዬ፣ ካቴና ጠብቆብኝ ነው! እስኪፈቱልኝ እየጠበቅኩ ነው፣ ተይኝ በቃ!» ብዬ ጮህኩባት። ወዲያው የስልኬ ባትሪ አለቀ።

እኛ ሞተር ነጂዎች ካቴና ስንል የሚታየን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። እናቴ የምታውቀው ካቴና ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፖሊስ ነው። ይሄ በጊዜው ትዝም አላለኝ።

ብሎኑ ተፈቶ ካቴናው እስኪላላ ረፈደ፤ ካራ መሄዱ ቀረና ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ስታየኝ አማተበች። «እሰይ፣ ተፈታህ! እናትህ እኮ ፖሊስ ጣቢያ ወርዳለች» አለችኝ።

ጣቢያው በር ላይ አገኘኋት። የአባቴን ጋቢ በክንዷ ይዛለች፣ በሌላው እጇ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላለች። ለእስረኛ ስንቅ መሆኑ ነው! በረኛው ፖሊስ «እዚህ የለም አልኩዎት እኮ፣ እናቴ» ይላታል፤ እሷ ንቅንቅ አትልም። ስታየኝ ሁሉንም መሬት ጣለችና ሁለቱን እጆቼን ይዛ አንጓዬን እያገላበጠች አየች። የቆሰለ ነገር ፍለጋ ነው።

«የሞተሩ ካቴና ነው፣ እማዬ! የሞተሩ!»

ፖሊሱ ሳቁ አመለጠው። እሷ አልሳቀችም፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አፈርኩ። ግን ዛሬ ካልነገርኳት መቼም እንደማልነግራት ገባኝና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እማዬ፣ ካራ ቤት ተከራይቻለሁ። ልወጣ ነው።»

የጣለችውን ጋቢ ከመሬት አንስታ አራገፈች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ታስረህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «የታሰረስ ሲፈታ ወደ እናቱ ቤት ነው የሚመለሰው።»

ምሳ ዕቃውን አነሳሁ። ሞተሩ ላይ ከኋላዬ አስቀምጬ ወደ ቤት ወሰድኳት፤ የካራዋን ክፍል በሳምንቱ ለቀቅኩ። ይሄን የምጽፈውም የእሷው ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። አሁን በበሩ ብቅ ብላ «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ።