የፋቅኋቸው ቀለሆች

ልጅ እያለሁ ዓይኔን በሻሽ አስረው መዳፌ ላይ ቀለህ ቢያስቀምጡልኝ የየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ሳልሳሳት እናገር ነበር። ይሄን ሳወራ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ቀለህ ማለት ጥይቱ ተተኩሶ አረሩ ሲሄድ የሚቀረው ባዶ የናስ ቤት ነው። የውጅግራው ወፍራም ነበር፤ ትንሿ ጣቴ አፉ ውስጥ እንደ ልብ ትገባለች። የምንሽሩ ቀጠን ብሎ ቂጡ አጠገብ ዙሪያውን የተቦረቦረ ቦይ አለው። የጣሊያኑ ከሁሉም የቀጠነ ነው፤ ተቀርጾ ተቀርጾ ያለቀ እርሳስ ይመስላል። አፋቸውን ከንፈሬ ሥር ይዤ ስነፋቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፉጨት ነበራቸው። ወፍራሙ ያጉረመርማል፣ ቀጭኑ ጆሮ ይበሳል። ሌላ ልጅ ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ ቢነፋው እንኳ እለየው ነበር። ይሄን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው የለም። መጽሐፍ አልነበረኝም፣ ማሠልጠኛም አልገባሁም። ያለኝ ጣት፣ ጆሮና ግትርነት ነበር።

ቤታችን ከራጉኤል ጀርባ ነበር። አባቴ ምናለሽ ተራ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረታ ብረት ይገዛል። ከየክፍለ ሀገሩ በጆንያ ተጭኖ የሚመጣው ዕቃ ግቢያችን መሐል ይደፋና እኔ እለየዋለሁ። መዳቡን ወደዚህ፣ ናሱን ወደዚያ። የተሰበረ ቧንቧ፣ የፋኖስ እግር፣ እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ፤ ከሁሉ ሥር ደግሞ እየተንሿሿ የሚፈሰው ቀለህ። የናስ ሽታ እጅ ላይ ከያዘ ሳሙና አይለቀውም፤ የኔ ዘመን የመርካቶ ልጆች ታውቁታላችሁ። እናንተ ብይና ቆርኪ ስትጫወቱ እኔ ቀለሆቼን በየዘራቸው እደረድር ነበር። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ የውጅግራ ቀለህ ነፍቼ መምህሩ አስወጡኝ። በኋላ ግን ለብቻዬ ጠርተው ከኪሳቸው ሌላ ቀለህ አወጡና፣ «እስቲ ይሄስ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዱላው ግን አልቀረልኝም።

ከአባቴ መደብ ሦስት በር አልፎ ጋሼ ሞላ የሚባል ሰው ጠባብ ሱቅ ነበረው። ጦር ሠራዊት ውስጥ ጥይት ግምጃ ቤት ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ፈቃድ ላላቸው አዳኞች ጠመንጃ ይጠግናል፤ ለአሮጌ ጠመንጃ አዲስ ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ ደግሞ የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ ይሞላል። የግራ ዓይኑ አታይም። ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የደከመ ቀለህ ቂጡ አካባቢ ሲቀደድ እሳቱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል፤ ያቺ ዓይን የጠፋችው እንደዚያ ነው። ለዚህ ብሎ አንድ ሥርዓት ነበረው። አንድ ቀለህ በሞላ ቁጥር ጠርዟ ላይ በሞረድ አንድ ጭረት ያደርጋል። ተተኩሳ ስትመለስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የማግዘው እኔ በሎሚና በአመድ አጥባታለሁ፤ እሱ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጠርዟን ዳሶ ጭረቶቹን ይቆጥራል። አምስት ከሞላች በመዶሻ ጨፍልቆ ወደ አባቴ ጆንያ ይወረውራታል። ዓይኑን አያምንም፣ ጥፍሩን ግን ያምን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳኞቹ ሱቁ በር ላይ በርጩማ ይዘው ይሰበሰባሉ። ወሬያቸው ሁሉ ጥይት ነው። የትኛው አገር ናስ ይጠነክራል፣ የትኛው ባሩድ ጭሱ ይበዛል፣ ማን ከርከሮ ከየት ሆኖ ጣለ። ስድሳ በመቶው ውሸት ነበር፤ እኔ ግን የቱ ስድሳው የቱ አርባው እንደሆነ አውቃለሁ። አንዳንዴ ክርክሩ ሲከር «ሸምሱን ጥሩት» ይባላል። ዓይኔን ያስሩኛል፣ ቀለህ ያቀብሉኛል፣ እፈርዳለሁ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የትልልቅ ሰዎች ዳኛ ነበርኩ ብል ማጋነን አይደለም።

ከነሱ መሐል ጋሼ ሰይፉ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ መደብር ያለው፣ ሲናገር መንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። አንድ ቀን አንድ ከረጢት የምንሽር ቀለህ አምጥቶ፣ «ከወዳጆቼ ጋር ለአደን ልወጣ ነው። እንደ ወርቅ ካላብረቀረቅከው ከርከሮው ራሱ ይስቅብኛል» አለኝ። እኔ ደግሞ ማብረቅረቅ ካሉኝ ዳር አላውቅም። ሎሚና አመዱን ናቅሁት። ከአናጢዎቹ ያገለገለ ብርጭቆ ወረቀት ለምኜ አንድ በአንድ ፈገፈግኋቸው። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ያጭበረብሩ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ መርካቶ ውስጥ እንደዚያ የጠራ ናስ አላየሁም።

ጋሼ ሞላ ዳሰሳቸውና ጭረት አጣባቸው። ሰይፉ አዲስ ቀለህ ያመጣ መሰለውና ሃያውን ሞላ፣ በየጠርዛቸው አንድ አንድ ጭረት አደረገ። ባሩድ ስላለቀበት ሦስቱ ሳይሞሉ ቀሩ።

ቅዳሜ መጣ። ሰይፉ በማግስቱ ጠዋት ወደ አደኑ ሊሄድ ነው። ጥይቶቹ በካርቶን ተደርድረው ሰው ሁሉ ያደንቃል። እንደ ወትሮው ዓይኔን አሰሩና ከተሞሉት አንዷን መዳፌ ላይ አኖሩ። የምንሽር መሆኗን ለመናገር አፌን ስከፍት ጣቴ ትከሻዋ ላይ፣ ወደ አፏ መጥበብ የምትጀምርበት ጋ፣ አንድ ስርጉድ አገኘ። ቆምኩ። ይቺን ቀለህ አውቃታለሁ። ባለፈው ዙር ሳጥባት ከጓደኞቿ ጋር አራት ጭረት ነበራት፤ ከዚያ ተሞልታ አምስተኛውን ይዛ ወጥታለች። ጠርዟን ዳሰስኩ። አንድ ብቻ። ሌሎቹ የት እንደገቡ ወዲያው ገባኝ፤ በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ነው ያሉት። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት በሙሉ መዶሻ የሚገባቸው ነበሩ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ከዚያ ሱቅ እባረራለሁ፤ ከዚያ ሱቅ ሌላ ደግሞ ሰው የምሆንበት ቦታ አልነበረኝም። ሻሹን ከዓይኔ ሳወርድ ፊት ለፊቴ የጋሼ ሞላ የጠፋች ዓይን ነበረች።

«እነዚህ ጥይቶች አይተኮሱም» አልኩ።

ሳቁ። ሰይፉማ ጭኑን እየመታ፣ «ዛሬ ደግሞ ጩጬው ሻምበል ሆነ» አለ። ጋሼ ሞላ አልሳቀም። የተነካው ስሙ ነው። «በጥፍሬ ነው የቆጠርኩት። ጥፍሬ ሊዋሽ ነው?» አለኝ።

«ጥፍርዎ አልዋሸም ጋሼ። ጭረቶቹን እኔ ፍቄአቸዋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ሰይፉ ግን እጁን አወናጨፈ። «ተወው እባክህ። ልጅ ነው፣ ታይቶ አይጠግብም።»

የጃንጥላ ሽቦ ነበረኝ፤ ጫፉን ትንሽ አጥፌ የሠራሁት። ይሄም ቢሆን የራሴ ፈጠራ ነው። አባቴ ጆንያ ውስጥ የማገኛቸው የተቀደዱ ቀለሆች ሁሉ የሚቀደዱት አንድ ቦታ፣ ከቂጣቸው ትንሽ ከፍ ብሎ እንደሆነ አይቼ ነበር። ሳይቀደዱ በፊትስ ከውስጥ ምን ይመስላሉ ብዬ በሽቦ መዳሰስ ጀመርኩ። የደከመ ቀለህ ውስጡ ዙሪያውን ይሰረጉዳል፤ ሽቦው እዚያ ሲደርስ ያዝ ያደርገዋል። ሳይሞሉ የቀሩትን ሦስቱን አምጥቼ ሽቦውን ለጋሼ ሞላ ሰጠሁት። የመጀመሪያዋ ውስጥ አስገብቶ ሳብ አደረገ። ያዘው። ሁለተኛዋም ያዘችው። ሦስተኛዋም ያዘችው።

«ሰይፉ፣ አደኑን ለሌላ ሳምንት አድርገው» አለ ጋሼ ሞላ በቀስታ።

«ሰው ቀጥሬ? ይሄ ልጅ ሳይወለድ ጀምሬ ስተኩስ ኖሬአለሁ፤ አምጡ ካርቶኔን።»

ካርቶኑ ከሱ ይልቅ ለኔ ቅርብ ነበር። አንስቼ ጋሼ ሞላ የጋለ ብረት የሚነክርበት የውሃ በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት። ሃያው ጥይት አንድ በአንድ ሲሰምጥ የሚያሰማው ድምፅ አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቀጥሎ የሰማሁት የሰይፉን ጥፊ ነው። ወደ በርሜሉ ተንገዳገድኩ፤ አላለቀስኩም። ያለቀስኩ የሚመስለው ካለ የበርሜሉ ውሃ ፊቴን ረጭቶት ነው።

ጋሼ ሞላ ከበርጩማው ተነሳ። «ሁለተኛ እጅህን አታንሳበት። ነገ ባንድ ዓይን እንዳትመለስ ያደረገህ እሱ ነው። እኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው እንዲህ የቀረሁት።»

ሰይፉ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ወዳጆቹንም ይዟቸው ቀረና የቅዳሜው ክብ በግማሽ ሳሳ። ሰዉ ሲበተን ጋሼ ሞላ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ለምን ፋቅኸው?»

«እንዲያምር ብዬ ነው።»

ከሦስቱ ቀለሆች አንዷን አንስቶ ጠርዟን በጥፍሩ ዳሰሰ። መባረሬ ነው ብዬ ጫማዬን አያለሁ። መጨረሻ ላይ ሞረዱን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ከዛሬ ጀምሮ ጭረቱን የምታደርገው አንተ ነህ። ጠለቅ አድርግ፤ ያንተን ዓይነት አጣቢ እንዳያጠፋው» አለ። ሽቦዬን ግን አልመለሰልኝም፤ እስኪሞት ድረስ ከአንገቱ ላይ አላወለቃትም። የጦር ሠራዊት ባለሙያ የኔን የጃንጥላ ሽቦ እንደ ሜዳልያ አንጠልጥሎ ኖረ፤ የፈለገ ይጠይቅ፣ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

አሁን ያ ሱቅ የለም። ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ቀለህ የሚሞላም የለም፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ አዳኞቹም አልቀዋል። ያኔ ግቢያችን ገብቶ የሚደፋው ጆንያ ሙሉ ትምህርት ነበር፤ ዛሬ ናሱ ተመዝኖ ሳይታይ በመኪና ያልፋል። ሰፈሩ የሚሸተኝም የድሮው ሎሚና አመድ ሳይሆን የፕላስቲክ ሽታ ነው። እንደዚያ በርጩማ ስቦ ስለማይረባ ነገር እስከ ምሽት የሚከራከር ሰው ይናፍቀኛል፤ ውሸታቸው ጭምር።

ይሄን ታሪክ ስነግራቸው ልጆቼ አንድ ነገር ይለምኑኛል። ተምረዋል፣ ቢሮ ይሠራሉ፣ ሰው ፊት መቅረብ ያውቃሉ። «አባባ፣ ጭረቱን የፋቅኸው አንተ መሆንህን ተወው። ስህተቱን ያገኘኸው ብቻ ብትል ያምራል» ይሉኛል። በነሱ ዘመን እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ሰው ስለራሱ የሚያሳየው ያብረቀረቀውን ብቻ ነው። አላወጣውም። ሽቦውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጭረቱን የፋቅሁትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ሰው ሁሉ እየሳቀ አፌን ሞልቼ የተናገርኩትን ነገር ዛሬ በሰባ ዓመቴ፣ ለማማር ብዬ፣ መልሼ አልፍቀውም።