ጥፍር የሚያዩት አጎቴ

አጎቴ ጎሮ ላይ ሞተር ሳይክል እየጠገኑ ቤተሰቡን ሁሉ አስተማሩ። ሰላም ልንላቸው ስንገባ መጀመሪያ የሚያዩት ጥፍራችንን ነበር። የሞተር ዘይት ካዩ፣ "እኔ የቆሸሽኩት እናንተ ንጹሕ እንድትሆኑ ነው" ብለው ከማዕድ ያስነሱናል። አንድያ ልጃቸውንም ከጋራዡ በቀበቶ አባረው፣ ቆይተው ለትምህርት ውጭ አገር ላኳት።

አምና በእኔ ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ራሷ የጠገነችውን በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር እየነዳች ትስቃለች።

"አባዬ፣ ትምህርቱን ትቼ ጋራዥ ከፈትኩ!"

"ጓንትሽን አውልቂ" አሏት።

አወለቀች። ጥፍሯ ጥቁር ነበር።

"ልጅ የለኝም" ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሱም። በመጨረሻው ሕመማቸው፣ "ጋሼ፣ ልጅዎ ናት" ብዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ብይዝላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለቀብር መጣች። በማግስቱ የተዘጋው ጋራዥ በር ላይ ተቀምጠን፣ ደንበኞች ሞተራቸውን እየገፉ መጥተው ሲመለሱ ስናይ ቆየን።

"ሲያጣጥር ስሜን አልጠራም?" አለችኝ።

አጎቴን እወዳቸው ነበር። ልዋሽላቸው ግን አልቻልኩም።

"አልጠሩሽም" አልኳት።