መትረየስና ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድ

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ ባዶ ካርቶን ይዛለች። ካርቶኑ ላይ መሃል ለመሃል ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ይታያል።

"እህቴ፣ ተሰብሮ ነው የሸጡልሽ?" ብዬ ቀለድኩ።

"እኔም መጀመሪያ ሳየው እንዲሁ ነው ያልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!" አለች። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ አውቶቡሱ ይንፏቀቃል፤ ወሬያችንም በዚሁ ቀጠለ።

ሃያ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ ታይፕ ስትመታ የኖረች ናት። ምስክር የሰጠውን ቃል ከድምፅ መቅጃ እየሰማች ትገለብጣለች። ፍጥነቷን ያዩ ባልደረቦቿ "መትረየስ" አሏት። ስሙን ስትሰማ ደረቷ ይነፋል።

አጠገቧ የምትሠራውን ልጅ ጣት በጣት ያስተማረቻት እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የልጅቷ እጅ ከአንጓው ጀምሮ ይደነዝዝ ጀመር። ልጅቷም ክንድን ሳያጣምም የሚያስጽፍ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ ሞላ ያለው ኪቦርድ ፈልጋ አገኘችና ይገዛልን ስትል አመለከተች። የግዢ ኃላፊው ዋጋውን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ቀጥታ መትረየስን አስጠራት።

"በዚህ ዋጋ እኮ አሥር ኪቦርድ ይገዛል! አንቺ ስንት ዘመንሽ ነው፣ እጅሽን አሞሽ ያውቃል?"

"እኔን? ምን ሆኜ!"

"ታዲያ ይሄ ቅንጦት አይደለም?"

"ሥራ የለመደ እጅ ምን ያማርጣል ብለህ ነው።"

ይህን የምትለው፣ ከሥራ በገባች ቁጥር ሁለት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ የምትቀመጠው ሴት ነበረች። ግን መትረየስ አመመኝ ይላል እንዴ? ኃላፊው "አያስፈልግም" ብሎ ጻፈ፤ እሷም "የባለሙያ አስተያየት" ከሚለው ሥር ፈረመች። ለልጅቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ልጅቷ በዚያው ጠፍጣፋ ኪቦርድ ስትታገል ከረመች። ኋላ የልጇን ሸሚዝ መቆለፍ አቃታት። ቀዶ ጥገናም ተደረገላት፤ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆን አለ። አሁን መዝገብ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ፋይል ትቀበላለች።

መትረየስም ሕመሙ ሲብስባት ያንኑ ዓይነት ኪቦርድ በራሷ ገንዘብ ገዛች።

"እውነቴን ነው የምልህ፣ ከንቱ ዕቃ ሆኖ ባገኘሁት ብዬ ተመኝቼ ነበር" አለችኝ።

ከንቱ ግን አልሆነም። በመጀመሪያው ሳምንት ጣቶቿ መንገድ ጠፋባቸው፤ "መትረየሱ ዛገ እንዴ?" እያሉ ሳቁባት። በሦስተኛው ወር ለብ ያለው ውሃ ቀረ። እጇ በተሻላት ቁጥር ግን ውስጧን ያማት ጀመር።

ዛሬ ሁለተኛ ገዝታ ልጅቷ ቤት ሄደች፤ ሁሉንም ልትነግራት ቆርጣ። ልጅቷ ኪቦርዱን ስታራርቀው፣ ስታቀራርበው፣ በደህናው እጇ ቀጭ ቀጭ ስታደርገው እንደ ሕፃን ሳቀች።

"እትዬ፣ እውነት ዋጋውን ያህል ይጠቅማል?"

"ይጠቅማል። ከዋጋውም በላይ።"

"ያኔ ቢገዙልን ኖሮ... ይተዉት፣ አለፈ። መቼም እርስዎ ሳይሟገቱልኝ አይቀሩም። እጅዎን ይባርከው!"

መትረየስ አፏን ከፈተች። የወጣው "አሜን" ብቻ ነው። ዋጋው የተለጠፈበትን ካርቶን፣ ልጅቷ እንዳታየው ብላ በብብቷ ይዛ ወጣች።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ፣ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ በጥፍሯ ስትፍቅ ቆየችና፣ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ድንገት ብድግ አለች።

"መውረጃሽ ደረሰ እንዴ?" አልኳት።

"አልደረሰም፤ ልመለስ ነው" አለች በሰው መሃል እየተሽሎከሎከች። "ያን አሜን ይዤማ ቤቴ አልገባም፣ ወንድሜ።"