ለጋሼ የሞላሁት ፎርም

ከኤርፖርት በካቴና የወሰዱኝ ከዳላስ ወጣ ወዳለ የኢሚግሬሽን እስር ቤት ነበር። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። አገር ቤት በተማሪዎች ሰልፍ ሰበብ ስምንት ወር ታስሬ፣ ከዩኒቨርሲቲም ተባርሬ ስለመጣሁ፣ ሲቆልፉብኝ ብዙም አልደነገጥኩም። እዚህ ፍራሽ አለ። ለእኔ እንደ እድገት ነበር።

ውስጥ ሁለት አበሾች አገኘሁ። አንዱ አረጋዊ ሹፌር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሌላው የሀብታም ልጅ ነው፤ ዳላስ አጠገብ ባለችው ኧርቪንግ ከተማ እህቱ ቤት ሲኖር ቪዛው አልፎበት ተያዘ። ማትሪክ መውደቁን ራሱ እየሳቀ ነገረን። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያለ ነው ያሳደገኝ። ማትሪክን በጥሩ ውጤት አልፌ፣ ሁለት ዓመት ስማር አንድም ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ጠዋት አንዲት በጎ ፈቃደኛ የጥገኝነት ፎርም ይዘው መጡ። "ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ሌሎቹን የሚረዳ አለ?" ሲሉ ልጁ እጁን አወጣ። እኔ ነጠላ ጫማዬን አየሁ።

የጋሼን በአሥር ደቂቃ ጨረሰው።

"ሶ፣ ሾርት አደረግኩት ጋሼ። ብዙ ወሬ አይወዱም፤ አያስቡ።"

አልጋው ላይ ትቶት ሲነሳ አነበብኩት። ጋሼ ያጫወቱን የሁለት ዓመት የአገር ቤት እስራት "የፖለቲካ ችግር" ተብሎ በአንድ መስመር አልቋል። እዚያ የተሰበረው ክንዳቸው አልተጠቀሰም። በዚያ ወረቀት ወደ አሳሪዎቻቸው ይመልሷቸው ነበር። ይህን እያወቅኩ እስከ ምሳ ዝም አልኩ። ዛሬም አፍርበታለሁ።

ከምሳ በኋላ "ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ እንደገና ልጻፈው" አልኩ።

"እንግሊዝኛ ትችላለህ እንዴ ልጄ?"

"ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ።"

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። "ሲሪየስሊ? ታዲያ ጠዋት ምነው ዝም አልክ?"

ፎርሙን ከአልጋው አነሳሁ። እሱም አልተቀየመኝም፤ እስክሪብቶውን አቀበለኝ።

እስከ ራት ጋሼ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ክንዳቸው ጋ ሲደርሱ የተሰበረበትን ቀን ጠይቄ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ የረዳው ሰው ስምና ሥራ ይጠይቃል። ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ከተባረርኩ ዓመት አልፎኛል፤ ሥራ በሚለው ላይ ግን "ተማሪ" ብዬ ሞላሁ።

ጋሼ ጥገኝነቱ ተፈቀደላቸው። ልጁም ወጥቶ በዚያው ዓመት ኮሌጅ ገባ፤ የኮሌጁ ቢሮ ሄዶ፣ አውርቶ፣ አሳምኖ። እኔ ከተፈታሁ በኋላ ልመዘገብ እዚያው ኮሌጅ መኪና ማቆሚያ ድረስ እየሄድኩ ሳልገባ ስመለስ ስድስት ዓመት አለፈኝ። አንድም ቀን የከለከለኝ ሰው አልነበረም። ከሁለቱም እስር ይልቅ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።