የረጠበው ስኳር ክስ

ሰፈራችን እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ቤቶቹ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እንዲህ ባለ ጠዋት ከቀበሌ ሱቅ የገዛነው የወሩ ስኳር ረጥቦ እንደ ጭቃ ተጣበቀ።

"ሂጂና ቀበሌ ክሰሺ! ደረቅ ሳትይዢ እንዳትመጪ!" አለች እማዬ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ አሉ።

"ማንን ነው የምትከሺው?"

"ባለሱቁን ነዋ ጋሼ! ሚዛን እንዲያነሳለት ስኳሩን ውሃ ያጠጣዋል።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

መልኩን ማን አይቶት! ሁሌ እስከ ዓይኑ በጋቢ ተጀቡኖ ነው የሚሸጥልን። ሳሉን ግን አውቀዋለሁ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ድረስ ስቤ፣ ጎበጥ ብዬ፣ "እህ... እህህ... ሰልፍ ያዙ!" አልኩላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ነይ፣ አብረን እንሂድ።"

ጉሙ ውስጥ ገባን። እግሬ እንኳ አይታየኝም፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ብቻ ነው የሚመራን። ሱቁ ዝግ ነው፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ሰውዬው ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ከፈቱ። ኮፍያቸውን ሰቀሉ፣ ጋቢውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡና ከሚዛኑ ኋላ ቆሙ።

"እህ... እህህ... በይ አሳሳሌን ለሰልፉም አሳዪልኝ፤ ደረቁን እሰጥሻለሁ።"