የድንበርተኛው እሸት

ወልድያ ላይ ዓመቱን በበዓል የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ አረፋ፣ መውሊድ፣ መስቀል እያለ ይሄዳል። እኛ ቤት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ቀን ካላንደር ላይ የለም። መስቀል አልፎ፣ የማሽላው ፍሬ ወተት ይዞ ገና ሳይደርቅ፣ አባቴ ከሚኖርባት ከግራና “ነገ ኑ” ብሎ የሚልክበት የእሸት ቀን ነው። ያን ቀን ልጆቼን አንጠልጥዬ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ እወርዳለሁ፤ ከመርሳ በባጃጅ ግራና። ማሳ ዳር እሸት እየጠበስን፣ ጥንቅሽ እየመጠጥን እንውላለን። ሌላውን በዓል ሥራ አስቀርቶኝ ያውቃል፤ ያቺን ቀን ግን ቀርቼ አላውቅም።

የአባቴ ማሳ ከአንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ስለ ወሎ የሚያወራ ሰው ሁሉ “እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ በላ፣ አብሮ ጠጣ” ማለት ይወዳል። እውነት ነው፤ ግን ሥጋ ላይ ሲደርስ ድስቱ ይለያል። ድንበርተኛችን ለአረፋ ሲመጡ ለእሳቸው ንፍሮና ማር ይቀርብላቸዋል፤ አባቴም ለፋሲካ ሲሄድ ሥጋውን አልፎ በሽሮ ይበላል። ማንም ቅር አይለውም፣ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው የተለያየ ሳህን ያያሉ። እሸት ግን ማን ባረከው አይባልበትም፤ ጾምም አያስገድፍም። በዓመት አንዴ ሁለቱ ሽማግሎች ያለ ምንም ሐሳብ ከአንድ ሰፌድ የሚበሉበት ቀን ያ ብቻ ነበር።

ደንብም ነበራቸው። አባቴ የድንበርተኛውን እሸት ሳይቀምስ የራሱን አይቀምስም፤ እሳቸውም እንደዚያው። እሳቸው በማሳቸው ጠርዝ ሁልጊዜ “ወተት በጉንጬ” የሚባለውን ማሽላ ይዘራሉ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሲያኝኩት ጉንጭ የሚሞላ ጣፋጭ ነው። አባቴ ጨርሶ ከበላ በኋላ፣ “ማሽላህ እንጂ አንተስ አትጣፍጥም” ይላቸዋል። እሳቸውም፣ “አንተን መች ቀምሼህ! ጥርሴን ትሰብረው ነበር” ይሉታል። በየዓመቱ ያው ስድብ ነው፣ በየዓመቱም አዲስ እንደሰሙት ይስቃሉ።

ባለፈው ጥር አባቴ ታመመ። ልብ ነው ተባለ። ዓይኑንም ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ወልድያ እኔ ቤት አመጣነው፤ ሐኪሙም “ድንጋጤ እንዳይነካው” ብሎ አስጠነቀቀን። ድንበርተኛችን በየካቲት መጥተው ጠየቁት። ቀኑን ሙሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲሰዳደቡ ዋሉ። ሲወጡ፣ “ለአረፋ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ አትሙትብኝ” አሉት።

የሞቱት ግን እሳቸው ሆኑ። በሚያዝያ፣ ገና ዘር ሳይዘሩ፣ ወደቁ። ወደ ሆስፒታል ሊያመጧቸው ሲነሡ በተኩስ የተነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት እሳቸው ለጉዞ አልሆን አሉ፤ ሲሻላቸው ደግሞ ተዘጋ። በሐምሌ አረፉ። ግራና ያለው ወንድሜ ዛፍ ያለበት ኮረብታ ወጥቶ፣ ኔትወርክ ፈልጎ ደወለልኝ።

“ለአባዬ እንዴት እናድርግ?” አለኝ።

“አይነገረውም” አልኩት። ሌላ ማንም አልወሰነም፤ እኔ ነኝ። በእኛ አገር መርዶ እንደ መድኃኒት ነው፤ ሰዓት አለው፣ መጠን አለው፣ ለበሽተኛ የሚከለከልበትም ጊዜ አለው። ጠያቂ ሲመጣ ደጅ ላይ እየተቀበልኩ “እንዳትነግሩት” አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ “ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ” አለኝ። ልክ ነሽ ሲሉኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ የታመመ አባቷን የምትጠብቅ ጎበዝ ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ግን በዓል ይቆጥራል። በአረፋ ቀን ወንበሩን በር ላይ አስወጥቶ ነጭ ቆቡን አጥልቆ ተቀምጦ ነበር። ድንበርተኛው ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፣ አልጋ ላይ። “መንገድ ተዘግቶ ነው” አልኩት፤ እውነት ነበር። “ደውዪለት” ሲለኝ “ኔትወርክ የለም” አልኩት፤ ያም እውነት ነበር። ከሐምሌ በኋላም ያንኑ ማለት ቀጠልኩ። መንገዱ በየሳምንቱ ይዘጋል፣ ስልኩ በየሳምንቱ ይጠፋል፤ ውሸቴን አገሩ ራሱ ያግዘኝ ነበር።

መውሊድ መጣ። ያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር፤ ከመርሳ የመጡ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውት ዋሉ። አባቴ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ እየሰማ የአንዱን ሰው ድምፅ ፈለገ። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠራኝ።

“እነዚህ ሁሉ በምን መጡ?”

“በመኪና።”

“እሱስ? መኪናው ለእሱ ብቻ ነው የተከለከለው? እግር የለውም?” አለ። “አልጋ ላይ የወደቀ ሰው አይጠቅምም ብሎ ነው የተወኝ። ወላሂ፣ ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳይቆም። ለወንድምሽም ንገሪው። አደራ።”

“እሺ” አልኩ።

እሺ አልኩ! ሰውዬው ከሞቱ ወር አልፏቸዋል፤ አባቴ የሞተ ወዳጁን ይረግማል፤ እኔ ትራስ እያስተካከልኩ እሺ እላለሁ። ያን ማታ ራሴን ጠላሁት። ቢሆንም ጠዋት ሲነጋ ልቡ ደህና ሲመታ ሰማሁና ዝም አልኩ።

የመስቀል ችቦ በሰፈሩ ሲበራ አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የልጆቹን ጭፈራ አዳመጠ። ድሮ ደረቅ የችቦ እንጨት መርጦ ለድንበርተኛው የሚወስድላቸው እሱ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ “እሸቱ ደርሷል” አለኝ። “ውሰጂኝ። እሱ ካልመጣ እኔ ልሂድለት። የእኔ ዕድሜ ሰው ቂም ይዞ አይሞትም። እሸቱን ከእጁ ልቅመስና ይብቃን።”

መንገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን፣ “ለግሸን ማርያም ሄደዋል አሉ” የሚል ነው። “ይመለሳላ” አለ።

ስለዚህ ከወንድሜ ጋር መከርን። ወንድሜ ዘንድሮ የአባቴን ማሳ ቶሎ የሚደርስ አጭር ዘር ዘርቶበታል። ከዚያው ቆርጠን “ከድንበርተኛህ የተላከ ነው” ልንለው ተስማማን። የሟቹን ባለቤት ከቤት እንዳይወጡ ለመንናቸው። ዓይኑ አያይም፤ ማን ይነግረዋል? ዕርቁ በእሸት ይሆናል፣ ልቡም አይደነግጥም። እንዲህ ያለ ብልጠት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ስናወራው ግን ደግ ሥራ ይመስል ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ መንገዱ ተከፈተ፤ ወረድን። አባቴን ከማሳው ዳር ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። ወንድሜ ሦስት ራስ ማሽላ ጠብሶ አመጣ።

“ድንበርተኛህ ግሸን ሳይሄዱ ‘ለእሱ ስጡልኝ’ ብለው ያስቆረጡት ነው” አልኩት።

ፊቱ በራ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ወራት ሆኖ ነበር። “አስቦኝ ነዋ!” አለ። እሸቱን በመዳፉ አሸው፣ ገለባውን እፍ አለ፣ “ቢስሚላህ” ብሎ አፉ ከተተው። አኘከ። ከዚያ መንጋጋው ቆመ።

“ይሄ የእሱ አይደለም።”

“ዘር ቀይረው ነው አባዬ” አለ ወንድሜ።

“እሱ? ወተት በጉንጬን ትቶ?” የያዘውን ወደ መሬት ተፋው። ቀና ብሎ ፊቱን ወደ ድንበሩ አዞረ። ነፋስ ነበር። በእኛ በኩል ማሽላው ይንሿሿል፤ በዚያ በኩል አረም ብቻ ስለሆነ ምንም ድምፅ የለም። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

“መቼ ቀበራችሁት?”

“በሐምሌ” አልኩ እኔ።

አባቴ በጣቱ ቆጠረ። “ለመውሊድ ሞቶ ነበር?”

“አዎ።”

“አንቺ ታውቂ ነበር?”

“አዎ፣ አባዬ።”

“እያወቅሽ አስረገምሽኝ።”

ልቡን ያዘ ብዬ ሮጥኩ። አልያዘም። ስንት ወር የዋሸንላት ልብ መርዶውን ችላ መምታቷን ቀጠለች። ዱላውን ፈልጎ ተነሣ፣ “ሚስቱ ጋ ውሰዱኝ” አለ።

የሟቹ ባለቤት ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ሲያዩን ሊደበቁ አሉ፤ ኋላ ነገሩ ገባቸውና ቆሙ። አባቴ አልተቀመጠም።

“አፉ በይኝ” አላቸው።

“አፉ ብያለሁ። ምን አጠፉና ነው?”

ወደ እኔ ዞረ። “ንገሪያት። ሰምተሻል አይደል፣ ንገሪያት።”

ነገርኳቸው። “ቀብሬ ላይ እንዳይቆም ብሎ ነበር” አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የከበደኝ የለም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

“እሱማ ሊሞት ሲል እንኳን የእርስዎን ነበር የሚያወራው” አሉ። “‘ልቡ ደካማ ነው፤ የእኔን ሞት እንዳትነግሩት’ ብሎ ነው ያረፈው።”

አባቴ ያኔ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም ይላሉ፤ የእሱ ነበረው። እኔ ደግሞ ከሟቹ ጋር አንድ ሐሳብ ማሰባችን ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር፤ አላጽናናኝም። እሳቸው ሞታቸው እንዲደበቅ አሉ እንጂ ሲረገሙ ቁሙና ስሙ አላሉም።

ወንድሜ እጁን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰደው። እኔ አጥሩ ጋ ቀረሁ። አባቴ መቃብሩ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ፀሐይዋ በርትታ ነበርና ወንድሜ ተቀመጥ ብሎ ለመነው፤ እምቢ አለ። የቀሩትን ሁለት ራስ ማሽላዎች በፌስታል ወደ ወልድያ ይዘናቸው ተመለስን፤ የነካቸው ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ የምነግረውን አያምንም። አይቆጣኝም፣ ይመርቀኛልም። ግን ስለ ማንም “ደህና ነው” ስለው “እውነት?” ይላል፤ ስልኩን ተቀብሎ የዚያን ሰው ድምፅ ካልሰማ እህል አይቀምስም። ደህና ነው የተባለ ሰው ሁሉ ሞቶ የከረመ ይመስለዋል።

ባለፈው ሳምንት መንገዱ እንደገና ተዘጋ። በመርሳ በኩል ተኩስ አለ አሉ፤ ስልክም የለም። አባቴ ወንበሩን በር ላይ አስወጥቶ ተቀምጧል።

“ወንድምሽ ደህና ነው?” አለኝ።

ደህና ነው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“አላውቅም፣ አባዬ” አልኩት።

እጄን ፈልጎ ያዘ። “ይህን አምንሻለሁ” አለ።