ጫት ተራው ዝም ያለ ዕለት

ዛሬም ቀኑ ወደ ሰባት ሰዓት ሲጠጋ ከሩቅ የመኪና ክላክስ ከሰማሁ የያዝኩትን ትቼ ጆሮዬን አቆማለሁ። ለሌላው የጅቡቲ ሰው ያ ድምፅ ጫት ገባ ማለት ነው፤ ለእኔ ግን እማዬ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ ደብተሯን የምትዘረጋበት ሰዓት ነው። ጅቡቲ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚባል ነገር ከቧንቧ አይወጣም፤ እሷ ግን እንደዚያ ትለው ስለነበር እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

የምንኖረው ካርቲዬ ዶ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ ከጣውላና ከቆርቆሮ በተሠራች፣ ሰማያዊ ቀለሟን ጨዋማው አየር በላላጠው ቤት ነበር። መስኮታችን ሥር ፋዱማ የምትባል ሶማሌ ሴት የጫት ጠረጴዛዋን ትዘረጋ ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የየመናዊው የሳሌሕ ሱቅ ነበረ። ሙቀቱ ስለማያሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር፤ ከሐረርጌ ደጋ ጫት ጭኖ የወረደው መኪናም የሚደርሰው ልክ በዚያው ሰዓት ስለነበር፣ ከተማው በሙሉ አንድ ላይ መንገድ ላይ ይወጣል። ክላክሱ ይጮኻል፣ ሻጮቹ እርጥብ ጆንያ እየፈቱ ይጣራሉ፣ ገዢው እስሩን እያገላበጠ ይጨቃጨቃል። እኛ ቤት ውስጥ «ጨው አቀብይኝ» ለማለት እንኳ መጮኽ ያስፈልግ ነበር።

እማዬ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን የምታጠናው በዚህ መሀል ነበር። እዚያው ጅቡቲ የተወለደች፣ አባቷ ከድሬዳዋ በምድር ባቡር ሥራ የመጡ፣ ከከተማው ወጥታ ብዙም የማታውቅ ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እግሯ ረግጦት በማያውቀው በፈረንሳይ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ በተልዕኮ ጂኦግራፊ ትማራለች። ፍላጎቷ አስተማሪ መሆን ነበር። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር «ዲግሪውን አምጪና ክፍሉ ያንቺ ነው» ብለዋት ስለነበር ያቺን ቃል ይዛ ስድስት ዓመት ተማረች።

በብርዱ ወራት፣ ብርድ ስንል ሰው ላብ ሳያጠምቀው የሚውልበትን ጊዜ ማለታችን ነው፣ ከፈረንሳይ ትልልቅ ቡናማ ፖስታዎች ይመጡ ነበር። እማዬ ከፖስታ ቤት ደረቷ ላይ አቅፋ ታመጣቸውና እጇን ታጥባ በቢላ ቀስ ብላ ትከፍታቸዋለች፣ እኔም አፍንጫዬን ወረቀቱ ውስጥ ቀብሬ የፈረንሳይ ሽታ የመሰለኝን የቀለም ሽታ እስብ ነበር። ፋዱማ ፖስታ ባየች ቁጥር አንገቷን በመስኮቱ ታስገባለች። አማርኛዋን የለመደችው ከድሬዳዋ ሾፌሮች ስለነበር ስትናገር ከቀልድ አይለይም።

«አባዮ፣ የእኔ ጫት ከአወዳይ ይመጣል፣ ያንቺ ከፈረንሳይ። የማንኛችን ይበልጥ ያመረቅናል?» ትላታለች። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

«ያንቺ ማታ ይለቃል፣ የእኔ አይለቅም» ትመልስላት ነበር እማዬ።

ጩኸቱን ለማሸነፍ እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር የምታጠናው። ፋዱማ ስትጮኽ እሷም ትጨምራለች፣ ፋዱማ ስለ ቅጠሉ ለጋነት ለደንበኛ ስትምል እሷ ስለ በረዶ ታወራለች፤ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሜ ስሰማቸው ሁለቱም ገበያ ላይ ያሉ ይመስለኝ ነበር። ጫት ገዢዎቹም ሳያስቡት የፈረንሳይን ወንዞች ስም ለመዱ። ሮብሌ የሚባሉ ሽማግሌ የወደብ ወዛደር በየቀኑ እስራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ መስኮቱ ይጠጉና «ያ ወንዝ ባሕር ገባ ወይስ ገና ነው?» ብለው ሳይጠይቁ አይሄዱም ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ ጨዋታው ይቀንሳል። ኸምሲን የሚባለው ነፋስ የበረሃውን አቧራ ተሸክሞ ሲመጣ፣ እማዬ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላ፣ ላቧ ቀለሙን እንዳያበላሸው ከክንዷ ሥር ጨርቅ አንጥፋ ታጠና ነበር። የጽሑፍ ፈተናውን በየዓመቱ ከተማው ውስጥ በተዘጋጀ አዳራሽ እየተፈተነች ጨረሰችው፤ የቀረው በስልክ የሚሰጠው የመጨረሻው የቃል ፈተና ብቻ ነበር።

እሱን አንድ ጊዜ ወድቃዋለች። ያን ዓመት አለቃዋ ቢሯቸውን ለቀውላት፣ ኤርኮንዲሽን ተከፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ዝንብ ሳይሰማ ነበር የተፈተነችው። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳችው፣ ተጠየቀች፣ ከዚያ ቃል ከአፏ አልወጣም። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ቤት ገባችና «አፌ ተሳሰረ» አለችኝ፣ በራሷም ሳቀች፣ ግን ለአንድ ሳምንት ደብተር አልነካችም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ ዲግሪም አይገባም።

ዩኒቨርሲቲው ለቃል ፈተናው የሚሰጠው ሁለት ዕድል ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ከወደቀች የስድስት ዓመቱ ልፋት ውሃ በላው፣ ማስተማሩም ቀረ ማለት ነው። አለቃዋ ተቀይረው አዲሱ ሰውዬ ቢሮ የሚያውሱ ዓይነት ስላልነበሩ፣ ቅጹ ላይ የሳሌሕን ሱቅ ስልክ ሞላች፤ በመንገዳችን ላይ ሌላ ስልክ አልነበረም። ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው ቀጠሮው በፖስታ መጣ። በፈረንሳይ እኩለ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ ሰባት ሰዓት።

እማዬ ደብዳቤውን አንብባ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ከሃያ አራቱ ሰዓት መርጠው መርጠው ይቺን» አለች። ሰዓቱን ለማስቀየር የሚጻፍ ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ወር ይፈጃል። ፋዱማ ከጠረጴዛዋ ሆና ስትሰማ ቆይታ፣ እጇ ላይ ያለውን እስር አስቀምጣ «ያን ቀን ጫት ተራው ዝም ይላል» አለች።

እማዬ ሳቀች። ባሕሩን ዝም በል እንደማለት ነበርና እኔም ሳቅሁ። ፋዱማ ግን አልሳቀችም፤ በዚያ ሳምንት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ሻጮቹን አስማለች፣ ሾፌሩን ከመንገዱ ጫፍ ያለው መስጊድ ጋ እንዲቆምና ክላክስ እንዳይነካ አስጠነቀቀች፣ ሳሌሕም ፍሪጁን ሊነቅል፣ ሬዲዮውን ሊያጠፋ ቃል ገባ።

ቀኑ ደረሰ። እማዬ ማንም በስልክ እንደማያያት እያወቀች ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ለበሰች። ሱቁ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ላይ፣ ስልኩ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ እኔም ትንፍሽ ላልል ተስማምቼ ስኳሩ ጥግ ተወሸቅሁ። ውጭ ያየሁትን ነገር እስከዛሬ ደግሜ አላየሁም። ጫቱ ከመስጊዱ ጋ በሸክም መጣ፣ ሻጮቹ በጣት እያሳዩ ሸጡ፣ ገዢዎቹ በቅንድብ ተከራከሩ፣ አባ ሮብሌም ነጠላ ጫማቸው እንዳይንጣጣ በባዶ እግራቸው በጋለው አስፋልት ላይ እየዘለሉ አለፉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ መንገዳችንን ዝንቦች ሰማሁ።

ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ አልጮኸም። ሩብ ሆነ፣ ተኩል ሆነ። መንገዱ ሙሉ ሰው አፉን ይዞ ወደ ሱቁ ያፈጣል፣ ሳሌሕ መቁጠሪያውን ይገፋል። ከዚያ ስልኩ ሲጮኽ ሁላችንም ደነገጥን።

«ዊ፣ ማዳም» አለች እማዬ፣ አዎ እመቤት ማለቷ ነው። ትንሽ አዳመጠችና ደግማ «ዊ፣ ማዳም» አለች። ጥያቄው ንግድ ሁለት አገሮችን እንዴት እንደሚያስተሳስር በምሳሌ አስረጂ የሚል እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። ያኔ ያየሁት ግን አፏን ከፍታ መቅረቷን ነው። የእግሯ ጣቶች ተኮማተሩ፣ ዓይኗ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። የአምናው ነገር ተመልሶ መምጣቱን አወቅሁ፣ እጅግ ፈራሁ፣ ትንፍሽ አልልም ያልኩት ቃል ባይኖር ኖሮ እጮኽ ነበር።

የጮኸው ሌላ ነው። በዚያን ቀን ሁለተኛ መኪና ኖሯል፣ ሾፌሩም እንግዳ፣ ማንም ያልነገረው። ክላክሱን ሳያቋርጥ እየነፋ በማዕዘኑ ብቅ ሲል፣ ለአርባ ደቂቃ አፉን ይዞ የቆየው ሕዝብ በሙሉ ዝም ሊያሰኘው ተነሣበት። በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛ፣ በአማርኛ ዝም በል፣ ዝም በል እያሉ ሲጮኹበት የእነሱ ጩኸት ከክላክሱ በለጠ፤ ፋዱማ በጫማዋ የመኪናውን አፍንጫ ስትደበድብ ከሱቁ ውስጥ ይሰማ ነበር።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት አንድ ነገር ጠየቀቻት። ያን ጊዜ የእማዬ ትከሻ ወደ ታች ወረደ፣ ፈገግ አለች፣ በፈረንሳይኛም «ማዳም፣ ይህ የሚሰሙት ድምፅ የጥያቄዎ መልስ ነው፤ አሁን ገና ደረሰ» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። መስኮታችን ላይ እንደምታደርገው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ጎህ ሲቀድ ደጋው ላይ ስለሚቀጠፈው ቅጠል፣ ሳይጠወልግ ለማድረስ ስለሚሮጡት ሾፌሮች፣ ስለ ኬላው፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚጠብቁት ሴቶች፣ የአንድ ከተማ የሥራ ሰዓት ከአንድ መኪና መምጫ ጋር እንዴት እንደተጣበቀ ተናገረች። ፋዱማ ነገሩ የተበላሸ መስሏት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና በሩ ላይ ስትቆም፣ እማዬ ንግግሯን ሳታቋርጥ በእጇ ሽጪ፣ ጩኺ፣ ቀጥዪ የሚል ምልክት አሳየቻት።

ስልኩን ስትዘጋ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሁሉም ወደ ሱቁ ጎረፈ።

«ምን አለችሽ?» አለች ፋዱማ።

«ጣዕሙ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ቀምሼ አላውቅም አልኳት።»

መንገዱ በሳቅ ተናጋ። እማዬ ግን ፋዱማን እጇን ይዛ፣ «ዝምታው ነው የሚያስረኝ። አምናም እሱ ነው። ስድስት ዓመት የተማርኩት በእናንተ ጩኸት ነው፤ ጩኸቱ ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮት ይጠፋል» አለቻት።

ፋዱማ አሰበችና «ታዲያ አርባ ደቂቃ ሙሉ ምላሴን የነከስኩት በከንቱ ነው?» አለች።

ብርዱ ሲመለስ ውጤቱ መጣ። ፖስታው ቀጭን ነበር፤ እማዬም ቤት አላስገባችውም፣ የፋዱማ ጠረጴዛ ላይ፣ በእርጥቡ ጆንያ ጠርዝ፣ ጫት በምትቆርጥበት ቢላ ከፈተችው። አልፋለች። ፋዱማ እልልታውን ስትለቀው አባ ሮብሌ ሮጠው መጡና «ገባ?» ብለው ጠየቁ፤ «ባሕር ገባ» አለቻቸው እማዬ። በቀጣዩ ዓመት ማስተማር ጀመረች፣ ጡረታ እስክትወጣም ድረስ መስኮት ዘግታ አስተምራ አታውቅም ይሏታል።

አሁን የምኖረው ጋቦዴ የሚባል ሰፈር ነው፤ መስኮቱ ድርብ መስታወት፣ ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ሰፈሩ ጭር ያለ ነው። እኔም በቅርቡ እንደ እናቴ ከአገር ሳልወጣ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ጨረስኩ። ፖስታ ቤት አልሄድኩም፣ እጅ ታጥቤ የከፈትኩት ወረቀትም የለም። የቃል ፈተናዬ በኮምፒውተር ነበር፤ ብቻዬን መሆኔን እንዲያዩ አራቱን ግድግዳ በካሜራ አሳየሁ፣ ከክፍሉ ድምፅ እንዳይሰማም ታዘዝኩ። ማለፌን ነገሩኝና እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፣ የኮምፒውተሩ መስታወት ጠቆረ። ደስ አለኝ፣ ደስታዬ ግን ወንበሩ ላይ ከእኔ ጋር ቁጭ አለ፤ እማዬ ስትፈተን መንገዱ በሙሉ ተፈትኖ ነበር፣ እኔ ስፈተን ግን ጎረቤቴ እንኳ አላወቀም።

ለእማዬ ደውዬ ከነገርኳት በኋላ በሳምንቱ ካርቲዬ ዶ ሄድኩ። ፋዱማ አርጅታለች፤ ሽያጩን ልጇ ይዛው እሷ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ነገርኳት። ጉንጬን ሳመችና «መቼ ተፈተንሽ?» አለች።

«ባለፈው ሳምንት። ሰባት ሰዓት ላይ።»

«ሰባት ሰዓት ላይ እዚሁ ነበርኩ። ማንም ዝም በሉ አላለንም።» ዓይኔን አየችኝ። «ታዲያ ለአንቺ ማን ዝም አለልሽ?»

በዚያው ቅጽበት ከመስጊዱ በኩል ክላክሱ ተሰማ፣ ሻጮቹ ተነሡ፣ መንገዱ ይንጫጫ ጀመር። ፋዱማ ሌላ ወንበር ሳበችና አጠገቧ መታ መታ አደረገች።

«በይ ተቀመጪና ያሉሽን፣ ያልሻቸውን ሁሉ ንገሪኝ» አለች። «ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

እኔም ተቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከክላክሱ በላይ ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመርኩላት።